ከጀርባ የሚነበብ ፊደል

«በእሱ ማሽን ነው የሚታተመው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የቡና ሲኒዋን ከአፏ ሳታርቅ።

ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋረጡ። የባሏ ታላቅ ወንድም መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ ሲናደድ የሚያደርገው ነው። ትምህርት ቤት ሲመራ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ ሰው ግን ዛሬም «ዳይሬክተሩ» ይለዋል፣ እሱም ይወደዋል። ሐዘኑ በሚዘጋበት ቀን ለመጣው ሁሉ የሚታደለውን፣ የወንድሙን ሕይወት የሚናገረውን ወረቀት ራሱ ጽፎ ጨርሷል። ከማተሚያ ቤት ጋርም ተነጋግሯል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር አለው፣ ከላይ ፎቶ ይገባበታል። አሁን ይህች ሴት ቴሌቪዥን ላይ ካልሰኩት የማይነሳ አሮጌ ኮምፒውተር ልታስነሳ ነው።

«እህቴ፣ ሐዘን ያደክማል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስቲ ይሄን እንኳ ለእኛ ተይው።»

«ያደክማል ጋሼ። እጅ ግን አያስርም።»

ዳይሬክተሩ አጠገቡ ወደተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ዘንበል ብሎ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲል አንሾካሾከ። ፀጉር አስተካካዩ የሟች የሱቅ ጎረቤት ነበር። ራሱን ነቀነቀ፣ ከማን ጋር እንደተስማማ ግን ከፊቱ አይታወቅም። ሥራው ከደንበኛ ሁሉ ጋር መስማማትን አስተምሮታል።

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን የማትለቅበት ምክንያት ነበራት። ለማንም አልተናገረችውም እንጂ። ባሏ ሆስፒታል በገባበት ቀን ጠዋት፣ ቁርሱን ትቶ ከኋላ ክፍል ማሽኑ ፊት ተጎልቶ አገኘችው። ሻዩ ቀዝቅዟል። የሸሚዙ የአንገት ቁልፍ እንደ ወትሮው ተከፍቷል። አንዲት ፊደል ይዞ፣ አንዷን ነጥብ ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ ደግሞ ያነሳል። ትዕግሥቷ አለቀና «አሁን ይሄን ማን ሊያነበው ነው?» አለችው። ዞሮ አያትና ፈገግ አለ። መልስ አልሰጣትም። ከሰዓት በኋላ ደረቱን ያዘው፣ ከዚያ ወዲህ የተነጋገሩት ስለ መድኃኒትና ስለ ካልሲ ብቻ ነው። አሁን ያቺ ጥያቄ አልለቅ ብላታለች። ፊደሉን አንድም ሰው ሳያነበው ሐዘኑ ከተዘጋ፣ ያን ጠዋት የተናገረችው እውነት ሆኖ ይቀራል። ይህን ደግሞ አትችለውም።

ባሏ ማኅተም ቀራጭ ነበር። ሱቁ በቢሮዎች መካከል ከሚወጣ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት ናት። እዚያ ቁጭ ብሎ ለመሥሪያ ቤቱም፣ ለሐኪሙም፣ ለነጋዴውም የጎማ ማኅተም ይቀርጽ ነበር። ማኅተም ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፣ ወረቀት ላይ ሲያርፍ እንዲቃና። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲሠራ ኖሮ ቀናውና ግልብጡ ለዓይኑ አንድ ሆኑ። ከጋዜጣ ማዶ ብርሃን ሲበራ ከጀርባው ያለውን ገጽ እየቀላቀለ ያነብና፣ የእግር ኳስ ውጤቱን ከአየር ትንበያው ጋር አጋብቶ ለሚስቱ ይነግራታል።

አንድ ቀን ያገለገለ የቤት ኮምፒውተር በብብቱ ይዞ መጣ። ከቁልፎቹ በስተቀር ምንም የማይታይበት ጠፍጣፋ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ቴሌቪዥን የማን እንደሆነ ለየ። ልብስ ሰፊዋ ማሽኑን «ጣውንቴ» የሚል ስም አወጣችለት። ጠዋት ጠዋት «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ብላ ትጠይቀዋለች። ብትቀናም፣ አቧራ ሲወርሳት ዝም ብሎ ማየት ሙያዋ አልፈቀደላትምና ከኮት ትርፍራፊ ገበር ያለው ልብስ ሰፋችላት። ማኅተም ቀራጩ ልብሱን ባየ ጊዜ፣ ኪስ ለምን አስፈለጋት ብሎ ጠየቀ። እሷም ያንተን ዕድሜ የምታስቀምጥበት ነው ብላ መለሰችለት።

በማሽኑ የሚሠራው ፊደል ነው። በባለ ካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዷን ፊደል በእርሳስ ነጥብ በነጥብ ይሞላና ወደ ማሽኑ ያስገባታል። ዓምድ የሚከፍል፣ ርእስ የሚያወፍር፣ ገጽ የሚያሰናዳ ፕሮግራምም ነበረው። ዛሬ አርፍጄ እመጣለሁ ለማለት እንኳ ባለ ሁለት ዓምድ ጋዜጣ አዘጋጅቶ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፍ ነበር። በአንደኛው ዓምድ ማርፈዱን፣ በሁለተኛው ይቅርታውን ያትታል።

ፊደሉን አይሸጥም። «ሼርዌር» ነው ይላል፤ ቅመሱት፣ ለወዳጅ አካፍሉት፣ ከተስማማችሁ ለሠሪው የሆነ ነገር ላኩ ማለት ነው። እሱ እንዲላክለት የጠየቀው አንድ ፖስት ካርድ ብቻ ነበር። ፊደሉን በዲስክ ይቀዳል፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥሩን ይለጥፍበታል፣ ላገኘው ሁሉ ያድላል። ለጥርስ ሐኪሙም፣ ለትኬት ቆራጩም፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው ለማያውቁትም። አብዛኞቹ አመስግነው ተቀበሉና ሲኒ ያስቀምጡበት ጀመር። ከዚያ እየሄደ የፖስታ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ባዶ ነው። ሚስቱ «ላም አለኝ በሰማይ» ትለዋለች። በዕድሜው አንድ ካርድ መጣለት። የላኪው ስም የለበትም። «ፊደልህ ልክ ለእኔ ሥራ የተሠራ ነው፣ አመሰግናለሁ» ይላል። ይጨፍራል ብላ ስትጠብቅ፣ ማኅተም ቀራጩ አፍሮ አቀረቀረ። ካርዱን ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ሰካው፣ ጀልባ ያለበትን ሥዕሉን ወደ ውጭ፣ ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አድርጎ።

ሌላም አመል ነበረበት። የሰው ጀርባ ይከተላል። ከሚስቱ ጋር እየሄደ ድንገት ይፈጥንና ከአንዱ መንገደኛ ኋላ ይገባል። ጎረምሳም ይሁን ለስፖርት የምትሮጥ ወጣት ለእሱ ልዩነት የለውም፣ ዓይኑን ከጀርባቸው አይነቅልም። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቱ የቆመችውን ልጅ ጀርባ ሲያይ ከመውረጃቸው አለፉ። ልብስ ሰፊዋ ምን እያደረግክ ነው ብትለው፣ ዓይኑን ሳይነቅል «እያነበብኩ» አላት። በዚህ የባሰ ተናደደች። ነውር ሳያንስ በነውር ላይ ቀልድ ብላ ለታላቅ ወንድሙ ከሰሰችው። ዳይሬክተሩ አስቀምጦ መከረው፣ ወንድማማቾቹም ለጥቂት ጊዜ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አመሉ ግን እንዳለ ነበር።

ፋርማሲስቷ፣ አንድ ልጃቸው፣ በወረቀቱ ጉዳይ እናቷን አልተቃወመችም። ማሽኑን ማስነሳት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ልብሱን ከላዩ ገፍፋ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። እንደ ድሮው አንድ ጊዜ ጮኾ በራ። ፋርማሲስቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ሥራ ጀመረች።

ዳይሬክተሩ ጽሑፉን ይዞ ከኋላዋ ቆመ። ጽሑፉ የሚጀምረው ከቅድመ አያት ነው። ማሽኑ አያት ጋ ሲደርስ «ቦታ የለም» የሚል መልእክት አወጣ። ዳይሬክተሩ ምን ማለቱ ነው አለ። የማሽኑ አእምሮ ሞልቶ ነው ስትለው፣ ገና ሟች እንኳ አልተወለደም ብሎ ተቆጣ። ቅድመ አያት ወጡ። አያት ወጡ። ሟች በትምህርቱ ያገኘው ደረጃና ዳይሬክተሩ ለሟች ያደረገው እገዛም ወጣ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ የቀረውን በራሷ አፍ አስጻፈች። ሲያልቅ እንዲህ ይል ነበር፦ ማኅተም ቀራጭ ነበር። ፊደል ሠርቶ በነፃ አደለ። የአንገቱን ቁልፍ አይቆልፍም ነበር። ሚስቱንና ልጁን ያስቅ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስበው።

ዳይሬክተሩ ከእሱ አንድ ቃል እንኳ አይግባ ወይ ብሎ ለመነ። አሳዘናቸውና ከሥር «ትጉህ ነበር» የሚለውን ጨመሩለት።

የቀረው ፊደሉን ማስገባት ነው። ማኅተም ቀራጩ የፊደል ዲስኮቹን በጫማ ካርቶን ነበር የሚያኖረው። ፋርማሲስቷ ካርቶኑን ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ የእናቷን መርፌ መልቀሚያ አገኘች። ትልቅ ማግኔት ነው፣ ወለል የበላውን መርፌ ሁሉ የሚሰበስብ። ልብስ ሰፊዋ ለለቀስተኛ ቦታ ለመልቀቅ ብላ የስፌት ዕቃዋን ወደ ኋላ ክፍል ስታግዝ፣ ካርቶኑ ክዳን ላይ አስቀምጣው ነበር። ዲስክ ደግሞ ማግኔት ሲነካው የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ፋርማሲስቷ አንዱን ዲስክ አስገባች። ማሽኑ አጉረመረመና ባዶ ነው አለ። ሌላውን አስገባች። እሱም ባዶ ነው። እስከ ካርቶኑ ሥር ድረስ አንድ የተረፈ አልነበረም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ይኸው እኔ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ።

ከቀብሩ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። አሁን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሳሎን ያሉት ድምፁን ሰምተው፣ እሰይ ወጣላት፣ ዝምታዋ አስፈርቶን ነበር ተባባሉ። ዳይሬክተሩ የማተሚያ ቤቱን ስልክ ቁጥር ከኪሱ አወጣና፣ አይቷት፣ መልሶ ከተተው። ከልቡ ክፉ ሰው አይደለም።

ነገሩ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ደረሰ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እሱ ጋ አንድ ዲስክ እንዳለ ተናገረ። ሟች መጀመሪያ ካደላቸው አንዱ ነው። የት አኖርከው ሲባል አፈረ። የመስተዋቱ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ጎዝጉዞታል። ሄዶ አመጣው። ዲስኩ ላይ የጠረጴዛው እግር በክቡ ታትሞበታል፣ ማሽኑ ግን ትንሽ አስቦ አነበበው። ልብስ ሰፊዋ ፀጉር አስተካካዩን ግንባሩን ሳመችው።

ከዚያ ደግሞ ቀለም የሚይዘው የፕሪንተሩ ሪባን ደርቆ ተገኘ። ወረቀቱን ይወቅጠዋል እንጂ ቀለም አይተውበትም። ፋርማሲስቷ በየኮምፒውተር መደብሩ ዞረች። ሻጮቹ አብዛኞቹ ፕሪንተሩ ከተሠራ በኋላ የተወለዱ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም ከእሷ ነው የሰሙት። በመጨረሻ አንዱ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ካናቴራ ላይ የሚያትም ሰው አለ፣ አሮጌ ዕቃ አይጥልም አላት።

ካናቴራ አታሚው ክንደ ደንዳና ሰው ነው፣ ሱቁ በካውያ ሙቀት ይግላል። ከመደርደሪያው ጥግ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሪባን አወጣ። ይሄ በካውያ የሚለቅ ቀለም ነው፣ ወረቀት ላይም ግን ይጽፋል ብሎ ሰጣትና ለምን እንደፈለገችው ጠየቃት። ነገረችው። የአባቷን ሙያ፣ ፊደሉን፣ ዲስኩን። ሰውየው ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«የፖስታ ሳጥኑ ሰውዬ?» አለ። «ሞቱ?»

ፋርማሲስቷ ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ዲስክ ካስታቀፋቸው ሰዎች አንዱ ይሆናል ብላ አሰበች። ሱቁ ውስጥ ሰው ተሰልፎ ነበርና ሥራዬን ዘግቼ ለቅሶ እደርሳለሁ ብሎ ሸኛት።

ማተም ሲጀምሩ ሳሎን ሰው ሞልቶ ነበር። የድሮ ፕሪንተር ዝም ብሎ አይጽፍም፣ እየጮኸ ነው። ጆሮዋ የከበደ አንዲት አክስት ከኋላ ክፍል የሚመጣውን ሲቃ ሰምታ፣ አይ የልጅ ነገር፣ አንጀቷ ተቆረጠ እኮ ብላ አብራ ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹም ዝም ማለት አልሆነላቸውም። ፕሪንተሩ መስመር ሲቀይር ፋታ ይወስዳል፣ እነሱም አብረው ፋታ ይወስዳሉ።

የወረቀቱን መልክ አስቀድሞ ያየ ሰው አልነበረም። ማሽኑ አቅም ስለሌለው ፕሮግራሙ ገጹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያሳይ በጽሑፉ ፈንታ ግራጫ መስመር ብቻ ያሰምራል። ምን እንደሚወጣ የሚታወቀው ሲወጣ ነው። ወጣ። ዳይሬክተሩ ቀድሞ ተቀበለው። አየው። አዙሮ አየው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየው።

«ይሄ በየት አገር ቋንቋ ነው?» አለ።

ፊደሎቹ ሁሉ ፊታቸውን አዙረዋል። መስመሩም ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ማኅተም እንደሚደረደረው። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ እንደ ጨርቅ በጣቶቿ አሸችው። የልብስ ውስጡን እንደማየት ነው፣ ስፌቱ ሁሉ አለ፣ በወጉ የሚታየው ግን በዚያኛው በኩል ነው።

ያን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ተናዘዘ። ማኅተም ቀራጩ የመጀመሪያውን ፊደል ሠርቶ ዲስኩን ባደለ ሰሞን የታተመ ናሙና ይዞ ሱቁ ድረስ መጥቶ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቱን ወደ ላይም ወደ ታችም ቢያደርገው አልነበብ አለው። ድንገት ቀና ሲል መስተዋቱ ውስጥ አየውና፣ አሃ፣ በመስተዋት ጥሩ ይነበባል አለው። ማኅተም ቀራጩ ያን ጊዜ ነው የነቃው። እጁ እንደለመደው፣ ፊደሉን ሁሉ፣ የመስመሩን አካሄድም ጭምር፣ እንደ ማኅተም ገልብጦ ነው የሠራው። ደግሞም እሱ ሲያነበው ቀና ነበር። ዲስኩ ደግሞ ታድሎ አልቋል። ለማንም እንዳትናገር አለውና ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ገባ። ጫማ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው በኋላ አቃንቶ የሠራው ነው።

ፋርማሲስቷ ዲስኩን ስታመጣው ይህን ለምን አልነገርከንም አለችው።

«እኔ ዓለምን የማያት በመስተዋት ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ደፍቶ። «ግራና ቀኙን ከተውኩት ቆየሁ።»

ዳይሬክተሩ መሳቅ ጀመረ። ይስቅ የነበረው በወንድሙ ነው፣ ዕንባው እየወረደ፣ ለወንድሙ ሲያለቅስ ያልታየ ሰው። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን እንደያዘች፣ ይኸው፣ ማን ሊያነበው ነው ብዬው ነበር፣ እውነትም ማንም አያነበውም ብላ አሰበች። የስፌት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ካናቴራ አታሚው ለቅሶ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። እግዜር ያጽናችሁ ብሎ ሁሉንም በየተራ ጨበጠ። ወደ ኋላ ክፍል ዘልቆ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሲደርስ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየ፣ ጎንበስ ብሎ መረመረው።

«አሪፍ ወጥቷል» አለ።

ዳይሬክተሩ ይህ ሰው ምን ነካው በሚል ዓይን ፀጉር አስተካካዩን ተመለከተ።

ካናቴራ አታሚው ካውያ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። በልብስ ሰፊ ቤት ካውያ አለ ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ነጭ የገበር ጨርቅም አመጡለት። ጨርቁን ዘረጋ፣ ወረቀቱን በፊቱ ደፋበት፣ በጋለው ካውያ ከላይ ተጫነው። ከዚያ ወረቀቱን በአንድ ጥጉ ይዞ በቀስታ ላጠው። ወረቀቱ የያዘውን ለቀቀ። ጽሑፉ ጨርቁ ላይ ቀረ፣ ቀጥ ብሎ፣ ቀና ብሎ። ማኅተም ቀራጭ ነበር፣ ይላል። እስከ «ትጉህ ነበር» ድረስ አንድም ፊደል አልጎደለም።

ካናቴራ ላይ የሚታተም ሁሉ በካውያ ስለሚዞር አስቀድሞ መገልበጥ አለበት፣ አለ ካናቴራ አታሚው። ሥራ ሲጀምር ለዚህ የሚሆን ፊደል አጥቶ ሲጨነቅ፣ አንድ ትኬት ቆራጭ ከሲኒው ሥር ዲስክ አንስቶ ሰጠው። «ሠሪው ካርድ ብቻ ነው የጠየቁት፣ ላክሁ። ስም ጻፍ ስላላሉ ስሜን አልጻፍኩም።» ይህን ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ጀልባዬ!» አለ። «ደርሷቸው ነበር ማለት ነው።»

ቀጥሎ ዞሮ ጀርባውን አሳያቸው። የሱቁ ስም ካናቴራው ላይ ተጽፏል፣ በዚያው ፊደል። ዳይሬክተሩ ተጠግቶ በጣቱ ነካው። ይሄማ የትምህርት ቤቴ ሯጮች ፊደል ነው፣ ራሴ ነኝ ያሳተምኩት፣ የሚያምር ፊደል ብዬ አመስግኛለሁ እኮ አለ። ማንን እንዳመሰገነ አሁን ሲገባው ድምፁ ተሰበረ። ካናቴራ አታሚው መቁጠር ጀመረ። የእግር ኳስ ቡድኖቹ፣ የዳቦ ቤት ሠራተኞቹ፣ የመኪና አጣቢዎቹ፣ የሙዚቃ ጓድ ልጆች። የከተማው ሰው ግማሹ ይህን ፊደል ለብሶ ያውቃል።

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«የሚጻፈው የት ላይ ነው?» አለች። «ደረታቸው ላይ?»

«ደረት ላይም አለ እናቴ። የሚበዛው ግን ጀርባ ላይ ነው።»

መጀመሪያ ትዝ ያላት አውቶቡሱ ነው። ከዚያ ሯጯ፣ ከዚያ ጎረምሶቹ ሁሉ፣ ትቷት እየፈጠነ ከኋላቸው የገባባቸው ጀርባዎች። ምን እያደረግክ ነው ብላው እያነበብኩ ብሏት ነበር። እውነቱን ነበር። ስሕተቱ እንደተወደደለት በአፉ መናገር ለአንድ ማኅተም ቀራጭ ከባድ ነው፣ የካርዱን ጽሑፍ ወደ ግድግዳ ያዞረውም ለዚህ ነው። ግን ያውቅ ነበር። ከሁሉም በላይ ያቺ የመጨረሻዋ ጠዋት መጣችባት። ማን ሊያነበው ነው ስትለው ፈገግ ያለው መልስ አጥቶ አልነበረም። መልሱን በየመንገዱ ሲያየው ነው የኖረው። ልብስ ሰፊዋ አፏን በጨርቁ ሸፍና ሳቀች፣ አለቀሰችም፣ የቱ የቱ እንደሆነ አልተለየም። ሙት መስደብ ነውር ባይሆን ኖሮ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት ብላ ትሰድበው ነበር። ደግሞም ሰደበችው፣ ሁሉም ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ማተሚያ ቤት ሆነ። ፋርማሲስቷ ታትማለች፣ ካናቴራ አታሚው ይተኩሳል፣ ልብስ ሰፊዋ የገበሩን ጨርቅ በመሐረብ ልክ እየቆረጠች ጠርዙን ትዘመዝማለች። ፀጉር አስተካካዩ የጠረጴዛ እግር እያሰበ ዲስኩን ይጠብቃል። ሐዘኑ በተዘጋ ቀን ለመጣው ሁሉ በወረቀት ፈንታ መሐረብ ታደለ። ሰዎቹ አነበቡት፣ አለቀሱ፣ ዕንባቸውንም በዚያው ጠረጉ። ጆሮዋ የከበደው አክስት፣ ከአሁን ወዲያ ለቅሶ ቤት ሁሉ እንዲህ ቢያስብልን ምናለ አለች። ዳይሬክተሩ የእሱን ደጋግሞ አጥፎ በደረት ኪሱ ሰካው፣ «ትጉህ ነበር» የሚለው መስመር ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጎ።

ሰው ሁሉ ሲሸኝ አንዲት የታተመች ወረቀት ተርፋ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ወደ ኋላ ክፍል ይዛት ገባች። ካርዱን ከግድግዳው ነቅላ ጽሑፉን ወደ ውጭ አዙራ መልሳ ሰካችው። ከቁም ሳጥን የባሏን ነጭ ሸሚዝ አወጣች። ሲቀብሩት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፈውለት ነበር፣ ይጨንቀዋል ማለት ፈልጋ በሰው ፊት አፍራ ተወችው። እስከዛሬ ይቆጫታል። ሸሚዙን በሆዱ አስተኝታ ወረቀቷን ጀርባው ላይ ደፋች፣ ካውያውን አሳረፈችበት፣ ላጠችው። ማሽኑ ፊት ባለው የባሏ ወንበር መደገፊያ ላይ ሸሚዙን አለበሰችው። ትከሻውን አስተካከለች። የአንገቱን ቁልፍ ከፈተች።

ከዚያ የስፌት ወንበሯን ጎትታ ከኋላው ተቀመጠች።

ፋርማሲስቷ ሲኒዎቹን ሰብስባ ስታልፍ በሩ ላይ ቆመች። እናቷ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ዓይኗን ከሸሚዙ ጀርባ ሳትነቅል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያነበብኩ» አለች ልብስ ሰፊዋ።